የሚካኤል ዕለት ጭቃ

መብራት ሊያስገባ የመጣውን ያንን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ፎገራ ላይ፣ እኔና አባቴ ጭሰኛ በነበርንበት እርሻ፣ የውኃ ፓምፑን የሚያዞር በሦስት ሽቦ የሚመጣ ባለ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ ገባ። ምሰሶውን የተከልነው እኛው ነን። ሰውዬው ማብሪያውን ሲጫን ሞተሩ አገሳ፤ ውኃ ግን ጠብ አላለም።

«ቦዩን ጭቃ ደፍኖታል፤ ቆፍሩ!» አለ። ቆፈርን። በማግስቱም ቆፈርን። አባቴ የድሮውን የናፍጣ ፓምፕ ለዓመታት ሲያስነሳ የኖረ ሰው ነውና፣ «ጌታዬ፣ ይኼ የሚዞረው ወደ ግራ ነው፤ የድሮው ወደ ቀኝ ነበር» አለው።

«አንተ ከበሬህ ጋር ተነጋገር!» ብሎ አንባረቀበት።

ሦስተኛው ቀን የኅዳር ሚካኤል ነበር። የቁሐር ሚካኤል ከበሮ እየተሰማን፣ ማረሻ በማይነካበት ቀን ጭቃ ስንዝቅ ዋልን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰውዬው መብራቱን አጠፋና ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን አቀያየረ። ሲያበራው ሞተሩ ወደ ቀኝ ዞረ፤ ውኃው ተንፎለፎለ።

አባቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ እንደቆመ ቀና ብሎ አየው። ሰውዬው መፍቻውን እየጠረገ፣ «አላልኳችሁም? ጭቃው ነው!» አለን።