ዓመቱን ጠይቄ ከስልክ የወረድኩበት ሁዳዴ

ያልሰደብኩትን ሰው ሰደብክ ተብዬ ከስልክ ላይ ተነሥቻለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ እስከ መጨረሻው «ሰውዬው ምን አጥፍቶ ይሆን?» እያለ እንዳይቸገር ነው። ምንም አላጠፋሁም።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ለአዋቂዎች እንግሊዝኛና የዜግነት ፈተና የሚያስተምር አንድ ድረ ገጽ አለ። ትምህርቱ አልከፈት ያለው፣ ድምፁ አልሰማ ያለው፣ ቪዲዮው የደረቀበት ሰው ይደውላል። በአማርኛ የሚደውለውን የማነሣው እኔ ነኝ። ቢሮው አትላንታ ውስጥ፣ ሚድታውን የሚባለው ሰፈር ነው።

የመጀመሪያ ቀን የገባሁት ዳውንታውን ፓርኪንግ የምሠራበትን ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ነበር፤ ከሽፍት በቀጥታ መምጣቴ ነው። ገና በሩን ሳልፍ አንዱ የቢሮው ጎረምሳ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ የመኪናውን ቁልፍ አቀበለኝ። ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ቁልፉን ፍለጋ ቢሮውን ሁሉ ሲያምስ ቆይቶ አጠገቡ ሄድፎን አጥልቄ እንደተቀመጥኩ አየኝ። «ታጥባታለህ ብዬ ነው» አለኝ። «አሁን ኮምፒውተር ነው የማጥበው» አልኩት።

እዚያ ወንበር ላይ እንዴት እንደደረስኩ ልናገር። ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ነበር የምፈርመው። ከአማርኛው ቀጥሎ እንግሊዝኛውን በዚሁ ድረ ገጽ ጀመርኩ። ትምህርቱ በተዘጋብኝ ቁጥር እደውላለሁ፤ የሚዘጋው ደግሞ ሁልጊዜ ነው። ሱፐርቫይዘሯ ሜሮን ትባላለች። አትላንታ ያደገች፣ ዕድሜዋ የልጄ የሚሆን፣ «አንቱ» የሚባል ነገር ያልሰማች ልጅ ናት። አንድ ቀን ስልኩን እሷ አነሣችው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ላይክ፣ አንተ እኮ ከሰው ሁሉ በላይ ትደውላለህ። ለምን እዚህ ሆነህ አታነሣውም?»

«ዝም ልታሰኚኝ ነው?»

«አዎ» አለችኝ። በዚህ ተቀጠርኩ።

በዚያ ዘመን ትምህርቱ የሚጫወተው በፕለግ-ኢን ነበር። ፕለግ-ኢን ማለት ብራውዘሩ ብቻውን የማይችለውን እንዲችል ከውጭ የሚገጠምለት ነገር ነው። ብራውዘሩ ይህን እንግዳ አያምነውም፤ እየቆየ ያግደዋል። ተማሪው መምህሯ መኖር ባለባት ቦታ ግራጫ ሳጥን ብቻ ያያል። «ፍቀድ» የሚለውን መጫን አለበት። የኛ ሰው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፦ ወይ ምንም አይጭንም፣ ወይ ያገኘውን ሁሉ ይጭናል።

ሁሉንም ከሚጭኑት መካከል አንድ የታክሲ ሹፌር ላፕቶፑን ተሸክሞ ቢሮ ድረስ መጣ።

«መምህሯ ግንባሯ ብቻ ነው የሚታየኝ» አለ።

ከፍቼ አየሁት። ብራውዘሩ ላይ ያልተደረደረ ዕቃ አልነበረም፤ ለትምህርቱ የተረፈው ቦታ የፖስታ ሣጥን አፍ ታክላለች።

«ይህን ሁሉ ለምን ጫንከው?»

«ነፃ ነው አለኝ።»

«መርዝ ነፃ ነው ቢሉህ ትጠጣለህ?»

«ምን ዓይነት መርዝ?»

አንድ በአንድ ነቀልኩለት። የቤት ዕቃው እየተወሰደበት እንዳለ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። «እሱን እንኳ ተውልኝ፤ የአየር ሁኔታ ይነግረኛል» አለ። መስኮት የለህም ወይ ብዬ ነቀልኩት።

በኋላ ያ ፕለግ-ኢን ከናካቴው ቀረ። ነፍስ ይማር ያለው የለም። ችግሩ ግን ስሙን ለውጦ ተመለሰ፤ ኤክስቴንሽን ተባለ፣ ፖፕ-አፕ ማገጃ ተባለ፣ ያልታደሰ ብራውዘር ተባለ።

ሜሮን የሰጠችን ስክሪፕት መጨረሻው ላይ «አሁን ሠራልዎት?» ብላችሁ ጠይቁ ይላል። ይህን ያለው ፈረንጅ የኛን ሰው አያውቅም። የኛ ሰው ቢሠራም ባይሠራም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ይዘጋል። ሰውን ማድከም ነውር ነዋ! የደወለበት ጉዳይ ቲኬት «ተፈቷል» ተብሎ ይዘጋል፤ ላፕቶፑ እንደተዘጋ ያድራል። አንዱን ደዋይ ብራውዘሩን አጥፍተህ ክፈት፣ ያጠራቀመውን ካሽ አጽዳ፣ ሪፍሬሽ አድርግ እያልኩ ስደክም እሱ «እሺ፣ እሺ» ሲል ቆየ። ከኋላው የመኪና ጡሩንባ ሰማሁ።

«ላፕቶፑ የት ነው ያለው?»

«ቤት።»

«አንተስ?»

«ሀይዌይ ላይ።»

ከዚያ ወዲህ «ሠራ ወይ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። «ምን ይታይዎታል? ቀለሙ ምንድን ነው? ምን ተስሏል?» ነው የምለው። ማየቱን ካልነገረኝ አልለቀውም።

አንድ ሌላ ደንብም ነበረኝ፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም። ደንበኛን «ያንብቡልኝ» አልልም። ሰው ፊት «እስቲ አንብበው» መባል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ስንት ጊዜ «መነጽሬን ረስቼው» ብያለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ስለዚህ በሥዕልና በቀለም እጠይቃለሁ፤ የግድ ከሆነ ደግሞ ነገሩን ራሱን እጠይቃለሁ። የበላችኝ ይህች ደንብ ናት።

ሁዳዴ በገባ ሰሞን እትዬ የሺ የሚባሉ ሴት ደወሉ። ማሪዬታ ከልጃቸው ከሂሩት ጋር ይኖራሉ። የዜግነት ፈተናቸው ቀርቧል፤ ላፕቶፑ ላይ ከኛ ትምህርት በቀር ሌላ ጉዳይ የላቸውም።

«አልከፍት አለኝ፤ ሌላ ገጽ ነው የሚያወጣው።»

«ምን ተስሏል እትዬ?»

«ሰዓት መሳይ።»

ሰዓት ከተሳለ ነገሩ የቀን ነው። ብራውዘር አንድን ድረ ገጽ ከመክፈቱ በፊት መታወቂያውን ያያል። የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ከቀረ፣ መታወቂያው ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ይመስለዋል። አልከፍትም ይላል። ልክም ነው። ስለዚህ ጠየቅኩ፦

«እትዬ፣ ዓመቱ ስንት ነው?»

እትዬ የሺ ዝም አሉ። ስልኩ ስፒከር ላይ ኖሮ ሌላ ድምፅ ጣልቃ ገባ። ሂሩት ናት።

«ምንድን ነው ያልካት?»

«ዓመቱን ጠየቅኳቸው።»

«እናቴ ጤነኛ ናት!» አለችና ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ሂሩት ነርስ ናት። እዚህ አገር የአንድ ሽማግሌ አእምሮ ሲጠረጠር የሚጠየቀው ያው ነው፦ ዓመቱ ስንት ነው፣ ፕሬዚዳንቱ ማነው። እኔ ይህን የት አውቄ! በማግስቱ ሜሮን ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ኮምፕሌይን መጥቶብሃል። እናቴን ጃጅተሻል አላት ትላለች።»

«አላልኩም። ዓመቱን ነው የጠየቅኩት።»

«ኦ ማይ ጋድ! ለምን?»

«የኮምፒውተሩን ነዋ!»

«ታዲያ ጥግ ላይ ያለውን አንብቢልኝ አትላትም?»

መልስ ነበረኝ፤ አልሰጠኋትም።

ሜሮን ክፉ አይደለችም፤ ሂሩት ጋ ደውላ ቀኑን እይው ብላታለች። ሂሩት «እማዬ ሴቲንግ መንካት አትችልም፤ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ» አለች። ከቢሮ ሆነን በሪሞት ገብተን እንየው ቢሏት «ከዚያ ሰውዬ ቢሮ ማንም ላፕቶፓችን ውስጥ አይገባም» አለች። አለቀ። ነገሩ ከፋሲካ በኋላ እስኪወሰን ከስልክ ወረድኩ። የስድቡ ነገር ከጸና ደግሞ ወደ ስልክ መመለስ የለም፤ ሜሮን ይህን ዓይኔን ሳታይ ነው የነገረችኝ።

ወደ ሙከራ ክፍል ተዛወርኩ። ክፍል የሚባለው ከፕሪንተሩ ጀርባ ያለ ወንበር ነው። ሥራው እያንዳንዱን ትምህርት በየብራውዘሩ መክፈት፣ ቁልፎቹን መጫን፣ የሆነውን መጻፍ። ደመወዙ ያው ነው። ግን ፕሪንተር «ከፈተልኝ፣ ተባረክ» አይልም። ለዚያች ቃል ነበር የምሠራው፤ ብትስቁም ሳቁ። ሁዳዴን ከሥጋም ከስልክም ጾምኩ።

ሪፖርቴ ላይ «ትምህርቱ ይከፈታል። ድምፁ ይሰማል። የተዘጋው እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ፕሮፌሽናል አይደለም» አለችኝ ሜሮን።

«ውሸት ነው?»

ወደ ክፍሏ ተመለሰች። በማግስቱም ያንኑ ጻፍኩ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ነጠላ የለበሱ አጭር ሴትዮ ላፕቶፕ በፌስታል አንጠልጥለው ገቡ።

«ደምሴ የሚባለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የሺ ነኝ። ና ቶሎ በል፤ ሂሩት ፓርኪንግ ፍለጋ እየዞረች ነው።»

ሚድታውን በምሳ ሰዓት ፓርኪንግ የሚፈልግ ሰው ቶሎ አይመጣም። ይህን በቀድሞ ሙያዬ ነው የምናገረው። «ጊዜ አለን» ብዬ ወንበር ሰጠኋቸው።

ላፕቶፑን ከፈቱት። ጥጉ ላይ ያለው ቀን የኛ ቀን ነው። ወሩ የኛ፣ ዓመቱም የኛ።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

ግራ ቀኝ አዩ። «እኔ ነኛ።»

«እርስዎ?»

«ምን ታፈጣለህ? ያቺ ልጅ ዛሬ ስንት ነው ባልኳት ቁጥር የፈረንጁን ትነግረኛለች። ሚካኤል አለፈኝ። ጾሙ ራሱ ሳላውቀው ሊገባ ነበር። እየነካካሁ አገኘሁትና በኛ አደረግኩት።»

«ዓመቱንስ ምን ሊያደርግልዎት?»

«ግማሽ ሐበሻ ግማሽ ፈረንጅ ላድርገው?»

«ጳጉሜ ላይስ? አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም እኮ።»

«ጳጉሜን ዘግቼው እከርማለሁ። አሁን መልስልኝ፤ ፈተናዬ ደርሷል። እኔ ራሴ እንዳልመልሰው፣ ሂሩት ከዚያ ስልክ ወዲህ ማንም እንዳይነካው ብላ ሴቲንጉን ቆልፋዋለች፤ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል።»

«ስልክ ላይ ዝም ያሉት...»

«የነቃህብኝ መስሎኝ ነዋ! አትንኪ የተባልኩትን ነክቼ።»

እንግዲህ ያለ ጥፋቴ ሁዳዴውን ሙሉ የተቀጣሁት ሰው እዚያ ቆሜያለሁ። «የይለፍ ቃሉን የምታውቀው ሂሩት ናት፤ እንጠብቃታለን» አልኳቸው።

«በሌላ መንገድ አይሆንም?»

ይሆን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። «አይሆንም» አልኩ።

ትንሽ አዩኝ። «እሷ ፊት ልታናዝዘኝ ነው።»

«አዎ።»

«ክፉ ነህ።»

«ጾም ስለሆነ ነው እንጂ ከዚህም እብሳለሁ።»

ሂሩት እያለከለከች፣ ፓርኪንጉን እየረገመች ገባች። ሜሮን ድምፅ ሰምታ ከክፍሏ ወጣች። እትዬ የሺ ነጠላቸውን አስተካከሉና ተነሡ።

«ሂሩት፣ ቀኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

«እማዬ? ሴቲንግ ገብተሽ?»

«ሴቲንግ ገብቼ። በገዛ ቤቴ በማን ዓመት ልኑር? ሰውዬው የጠየቀው የዕቃውን ዓመት ነው። እኔ ፈርቼ ዝም ብል አንቺ ጃጀች አስባልሽኝ።»

ሂሩት የላፕቶፑን ጥግ አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።»

«ታዲያ እነሱ ይከሱሻል?»

«አንዳንዶቹ ይማታሉ» አለች።

ሜሮን ቀድማ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ቤቴ ደርሼ ነው የሳቅኩት። ሂሩት የይለፍ ቃሏን አስገባች፤ ቀኑ ራሱን እንዲያስተካክል አደረግነው፤ ትምህርቱ ተከፈተ። ከሜሮን ክፍል ግድግዳ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ካላንደር ነቅዬ ለእትዬ የሺ ሰጠኋቸው። «የእርስዎ ዓመት ግድግዳ ላይ ይዋል፤ ላፕቶፑን ለፈረንጆቹ ይተዉላቸው» አልኳቸው። ሜሮን «የኔ ነበር እኮ» አለች። ካላንደሩ ግን ፌስታሉ ውስጥ ገብቷል።

ሂሩት «ይቅርታ አድርግልኝ» አለች። «ለኔ ሳይሆን ለሷ ንገሪያት፤ ያወረደችኝ እሷ ናት» አልኩና ሜሮንን በጣቴ አሳየኋት። እዚያው ቆማ ኮምፕሌይኗን አነሣች። ሜሮን ግን «ፕሮሰስ አለው ጋሼ» አለችኝ። ስለዚህ ሕማማቱንም ፋሲካውንም ከፕሪንተሩ ጀርባ አሳለፍኩ።

ለአዲስ ገቢዎች የምለው ይህ ነው። ድረ ገጽ አልከፈት ካለ፣ ካሽ ከማጽዳታችሁ በፊት፣ ብራውዘር ከማደሳችሁ በፊት፣ ኤክስቴንሽን ከመንቀላችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ቀን እዩ። ስትጠይቁም «የኮምፒውተሩ» በሉ።

ሄድፎኑ ተመልሶ የተሰጠኝ፣ ነገሩም የተዘጋው በዳግማ ትንሣኤ ማግስት ነው። ሰኞ ነበር፤ በሁለቱም አቆጣጠር።