ሳይሰምር የገባ ስለት

ልጅ እያለሁ የታንኳ ሽታ እወድ ነበር። ታንኳው የሚሠራበት እርጥብ ደንገል ፀሐይ ሲያገኘው የሚሸተውን። አሁንም ጣና ዳር ያ ሽታ ሲመጣብኝ ቆም እላለሁ። መጀመሪያ የምትታየኝ እናቴ ናት፤ ጉልበቷን አጥፋ፣ ታንኳው ጠርዝ ላይ ተሸጉጣ።

ታላቅ ወንድሜ አያልነህ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። ዋና ያስተማረኝ እሱ ነው። በደርግ ጊዜ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲወጣ በአፈሳ ያዙት፤ ለውትድርና። ከማሠልጠኛ ደኅና ነኝ የሚል ቃል በሰው ላከ። ከዚያ በኋላ ዝም።

እናቴ ልጇ በሰላም ከተመለሰ ጥላ ላስገባ ብላ ጣና ደሴት ላይ ላለው ገብርኤል ተሳለች። አባቴ ከፋብሪካ ሲገባ ሳይበላ ይጸልይ ነበር። እኔም ማታ ማታ እጸልያለሁ። ሰዉ ሁሉ “እግዜር ይዘገያል እንጂ አይረሳም” ይለን ነበር። ዓመቱ ዞረ። የታኅሣሥ ገብርኤል ሲቃረብ እናቴ ገበያ ወጥታ ዘርፍ ያለው ቀይ የከፋይ ጥላ ይዛ ገባች።

ጎረቤታችን እትዬ የሺ ጥላውን አይታ ደነገጠች።

“ልጁ መጣ እንዴ?”

“አልመጣም።”

“ታዲያ ምኑ ሰመረና? ስለት እኮ ሲሰምር ነው የሚገባው። ገብርኤልን ቀብድ ልታስለምጂው ነው?”

እናቴ ትንሽ ሳቀች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ “ስጠኝና እሰጥሃለሁ እያልሁ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠናሁ። ነጋዴ መሰልሁ፣ የሺ። ልጄ የጥላ ዋጋ አይደለም። መጣም ቀረም ጥላውን አገባለሁ።”

“ቀረም አትበይ። ክፉ ቃል አታውጪ።”

እናቴ ጥላውን በነጠላዋ ጠቀለለችው።

በበዓሉ ዕለት በታንኳ ተሻገርን። ወደ ገዳሙ ሴት አትወጣም፤ እናቴ ወደቡ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ቀረች። ጥላውን ይዤ ዳገቱን የወጣሁ እኔ ነኝ። ስለት የሚቀበሉት ሽማግሌ መነኩሴ የሰመረለትን ሰው ለሕዝቡ ይናገራሉ፤ ሰዉም ያጨበጭባል። ተራዬ ደረሰ።

“ስለቱ ሰመረ?” አሉኝ።

“ገና ነው፣ አባ” አልሁ።

“ሳይሰምር አመጣኸው?”

“እናቴ ይግባ ብላ ነው። ወንድሜ ጦር ሜዳ ነው።”

ለሕዝቡ አልተናገሩም። ጥላውን ዘረጉና እኔው ራስ ላይ ያዙት። ከሥሩ ሁሉም ነገር ቀይ ሆኖ ታየኝ። “ለእናትህ፣ ገብቷል በላት” አሉኝ።

ወርጄ ነገርኋት። እንዴት እንደያዙት፣ ፊታቸው ምን ይመስል እንደነበር ደጋግማ ጠየቀችኝ። ስንመለስ ታንኳው አጋደለ።

“እመይቴ፣ ወደ መኻል ይጠጉ እንጂ፤ ቦታው ሰፊ ነው” አለ ቀዛፊው።

ጠጋ አለች። ትንሽ ቆይታ ግን ወደ ጠርዙ ተመለሰች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከጎኗ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትታ ነበር።

አያልነህ አልመጣም። ደርግ ሲወድቅ ወታደሮቹ ተቦጫጭቀው፣ ተርበው በከተማችን አለፉ። እናቴ መንገድ ዳር በእንስራ ውኃ ይዛ ቆመች። የያንዳንዱን ፊት ታያለች፣ ታጠጣለች፣ ቀጣዩን ታያለች። በኋላ ጎረቤት ተሰብስቦ ተዝካሩን አውጪለት አላት። እምቢ አለች። እኔ እግዚአብሔር አልሰማንም ብዬ አኩርፌ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውሁ። እሷ ግን ከጸሎቷ አልጎደለችም። “ልጄን እሱ ዘንድ አኑሬዋለሁ። የት እንዳስቀመጠው መንገር የሱ ፈንታ ነው” ትለኝ ነበር። ሳይነግራት ሞተች።

አሁን በሞተር ጀልባ እንሻገራለን። ደንገል አይሸትም፣ ውኃው እግር አያርስም፣ ገና ተቀመጥን ስንል እንደርሳለን። ድሮ ከቀዛፊው ጋር ወሬ ነበር፤ አሁን የሞተሩ ድምፅ አያስወራም። ጥላው ግን አለ። ቀለሙ ለቆ ጽጌረዳ መስሏል። በየዓመቱ ሲዘረጋ ለማየት እሄዳለሁ። ጸሎቴ አጭር ነው። ገና ነው እላለሁ፤ ሌላ ቃል አላገኘሁም።

ከወንድሜ በዕድሜ ከበለጥሁ ቆይቻለሁ። ባለፈው ስመለስ ባለጀልባው “ወንድም፣ ወደ መኻል ጠጋ በል” አለኝ። ጠጋ አልሁ። ጥቂት እንደሄድን ጎኔን ሳይ ተመልሼ ጠርዙ ላይ ነኝ።