የሞዴሌ ዜሮ ሰዓት

ያን ሰሞን ፎርማት የሚባል ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር። የሚሊኒየሙ በዓል ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የወባ ትንኝ በየትኛው ሰዓት እንደምትናከስና አጎበር ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል ሠርቻለሁ። ውጤቱ ሸጋ ነበር። ትንኟ የምትበረታው ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው፤ ስለዚህ ቆላው ሳንጃ ሰሊጥ ሊያርሙ ለሚወርዱ ሠራተኞች አጎበር ብቻ ይበቃል። ይህንኑ ጽፌ ለእርሻዎቹ ባለቤቶች ከላክሁ ሦስት ሳምንት አልፎታል። አረሙም ተጀምሯል።

«ሞዴልሽ አንቺ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ለማንም አይጠቅምም» አለኝ አማካሪዬ። ሌሎች ተመራማሪዎች ወስደው በራሳቸው ፕሮግራም እንዲያስኬዱት፣ ሁሉም በተስማማበት ፎርማት እንደገና መጻፍ አለብኝ። ያ ፎርማት ደግሞ ነገር ፈላጊ ነው። እያንዳንዱን ቁጥር እየያዘ መለኪያው ምንድን ነው ይላል። ቀን ነው? ሰዓት ነው? ከየት ተነስቶ ነው የሚቆጠረው? ምን አገባው! እየተነጫነጭሁ ሞላሁ። መጨረሻ ላይ ዜሮ ሰዓት መቼ ነው የሚል መስመር መጣ። እኩለ ሌሊት ብዬ ጻፍሁ፤ ፕሮግራሙ የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነዋ።

እዚያ ላይ እጄ ቀጥ አለ። ሳንጃ እርሻው ላይ ትንኝ እየያዙ ሰዓቱን ይጽፉልኝ የነበሩት ሽማግሌ ደብተር አጠገቤ ተገልጧል፤ «ከ2 እስከ 4 ሰዓት በጣም ብዙ» ይላል። እኔ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጬዋለሁ። ፕሮግራሙ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ቆጥሮ፣ የሳቸውን ሁለት ሰዓት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አድርጎታል። ወይኔ!

ለሽማግሌው አራት ጊዜ ደወልሁ፤ አልገባም። በአምስተኛው አነሱት።

«አያ፣ ሁለት ሰዓት ብለው የጻፉት የማታ ነው እንዴ?»

«ምነው ልጄ፣ ታዲያ የምን ሊሆን ኖሯል? ሰው እራቱን በልቶ ደጅ ሲያወጋ ነዋ።»

ደጅ ለተቀመጠ ሰው አጎበር ምን ይሠራለታል? ማታ ማታ ትንኙን በምን እንደሚከላከሉ ጠየቅኋቸው።

«ድሮማ ጭስ እናጨስ ነበር። ዘንድሮ ከጎንደር ወረቀት መጥቷል፣ አጎበር ብቻ ይበቃል ተብሏል ብሎ አለቃው አስተወን። ዓይናችንም ከጭስ ተገላገለ። ብቻ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከአራሚዎቹ ሦስቱን ልጆች ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ተኝተዋል።»

«አያ፣ በሞቴ ልጆቹን አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ያድርሷቸው። ጭሱንም ዛሬውኑ ያስጀምሩ።»

«አለቃው እሺ አይለኝም። ወረቀቱን የጻፈው ማነው ልበለው?»

«እኔ ነኝ። ተሳስታለች ይበሉት።»

 

«እኔ እኮ» አሉኝ፣ «ልክ ነበር የጻፍሁልሽ።»