የሚጢጢ ሰማያዊ

ቅናት ነውር ነው የሚሉ ሰዎች ታናሽ እህት የሌላቸው ናቸው። እኔም የለኝም። ሚስቴ ግን አላት፤ በሷ የተነሳ ቅናት ቤታችን ገብቶ ከእኛ ጋር ቁርስ እየበላ ከርሟል።

ሚስቴ ተመራማሪ ናት። ሥራዋን ሰው ሲጠይቀኝ ባጭሩ ነው የማስረዳው። ከቆሻሻ ውሃ ኩሬ ሥር፣ ጭቃው ውስጥ፣ ሃይድሮጂን እየበላች የምታድር አንዲት ባክቴሪያ አለች። ይህን ምግብ የሚያሰናዳላት ኦክሲዶሪዳክቴዝ ከሚባሉት ኢንዛይሞች አንዱ ነው፤ የነዚህ ሥራ ኤሌክትሮን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ማቀበል ነው። እኔ ደላላ ስላቸው ሚስቴ ትቆጣለች። ደላላ ከመሃል ይወስዳል፣ እነሱ ለራሳቸው ምንም አያስቀሩም ትላለች። የኢንዛይሙ ጠባይ ግን ክፉ ነው፤ ትንሽ አየር ከነካው አለቀለት። ስለዚህ የሚሠራው አየር በሌለበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ከሳጥኑ ጋር በተያያዘ ረጅም ጓንት እጅን ከትቶ ነው። ሚስቴን ባልደረቦቿ «ክዳን» ይሏታል፤ ያልተከደነ ነገር ማየት አትችልም። እቤትም የውሃ ጠርሙስ ሳልከድን ከተነሳሁ የዚያ ቀን እራት አይጥመኝም።

ሚጢጢ የምንላት ታናሽ እህቷ ናት። እናታቸው ካረፉ ወዲህ ያሳደገቻት ሚስቴ ናት፤ ፀጉሯን እየጎነጎነች ትምህርት ቤት ያደረሰቻት፣ ስትመረቅም እጇን ይዛ የምትሠራበት ላብራቶሪ ያስገባቻት። በዚያ ወፍራም ጓንት ብልቃጥ ሳይወድቅ እንዴት እንደሚያዝም ያሳየቻት እሷ ናት።

የላብራቶሪው አለቃ የሆኑት ፕሮፌሰር ለእንዲህ ያለው አየር አልባ ሥራ አዲስ ክፍል ሊከፍቱ ነበር። ለክፍሉ አንድ ኃላፊ ይሾማል፤ ሹመቱ ኢንዛይሙን ከባክቴሪያዋ አውጥቶ ብልቃጥ ውስጥ ላሠራው ሰው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሚስቴ ያን ቦታ ስትመኝ ዓመታት አልፈዋል። መሥራቱ የሚታወቀው በቀለም ነው፤ ውሃ የሚመስል ማቅለሚያ ይጨመርበታል፣ ኢንዛይሙ ከሃይድሮጂን የወሰደውን ኤሌክትሮን ሲያቀብለው ብልቃጡ ሰማያዊ ይሆናል። የሚስቴ ብልቃጥ ውሃ እንደመሰለ ከረመ። አንድ ረቡዕ የሚጢጢ ሰማያዊ ሆነ።

ሚስቴ ማታ ስትገባ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ወረወረችው።

«ሠራላት» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለሚጢጢ ነዋ። ሁሉም እያቀፈ ሳማት። እኔም ሳምኳት።»

«ጥሩ አደረግሽ።»

«ጉንጯን ልነክሰው ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው አልኩ በሆዴ። እውነቱን ለመናገር የኔም አንጀት አሯል። ሚስቴ በዚያ ሳጥን ላይ ስታጎነብስ ወገቧ አልቋል፣ ልጅቷ ገና ከመምጣቷ! ሚጢጢ ስትደውል «እህትሽ ተኝታለች» በል ተባልኩ፤ እህትየዋ ዓይኗን አፍጥጣ አጠገቤ ተቀምጣለች።

በማግስቱ እራት ላይ ድንገት የሚስቴ ፊት በራ።

«ዱቄቱ ነው» አለች።

ኢንዛይሙን ከአየር ለመጠበቅ አንድ ነጭ ዱቄት ይጨመርበታል፤ ሾልኮ የገባውን አየር ይበላል። ጣጣው፣ ይሄው ዱቄት ማንም ሳይረዳው ማቅለሚያውን ሰማያዊ ያደርገዋል። ስለዚህ ከሙከራው በፊት ከኢንዛይሙ ተለይቶ መውጣት አለበት።

«ችኩል ናት፣ በደንብ አላወጣችውም» አለች ሚስቴ። «የሠራው ዱቄቱ ነው።»

«ታዲያ ንገሪያት። ሰኞ ስብሰባ ላይ ውጤቷን ስታቀርብ ከምትዋረድ።»

«ቀናች ይሉኛል።»

«አልቀናሽም?»

«ቀንቻለሁ እንጂ። ለዚህ ነው መጀመሪያ በዓይኔ ማየት ያለብኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። የላብራቶሪውን ፍሪጆች የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ ጥበቃው ያውቀኛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የሚጢጢን ኢንዛይም ማቅለሚያው ባለበት፣ ሃይድሮጂን ግን በሌለበት ብልቃጥ ውስጥ መጨመር። የሚወስደው ከሌለ የሚያቀብለው አይኖረውም፣ ውሃ እንደመሰለ መቅረት አለበት። ሰማያዊ ከሆነ ግን ሥራው የዱቄቱ ነው።

ሰማያዊ ሆነ።

ሚስቴ እጇ ጓንቱ ውስጥ እንዳለ ጮቤ ረገጠች። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ወደ መስታወቱ አጎነበሰች። ሳጥኑ ውስጥ የተጋደመችውን ትንሽ ማንኪያ ታያለች፤ ጫፏ ላይ ነጭ ዱቄት አለ።

«ምነው?» አልኳት።

«የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ኢንዛይም የሚቀመጥበት ብልቃጥ ባዘጋጀች ቁጥር መጀመሪያ የምታደርገው ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጎ መጨመር ነው። እጇ ለምዶት፣ የሙከራው ብልቃጥ ላይም ሳያስፈቅዳት አደረገው። ሚጢጢን ልታጋልጥበት የነበረው ሰማያዊ የገዛ ራሷ ነበር።

«እንሂድ በቃ» አልኳት። ማንም አላየንም።

እሷ ግን ብልቃጡን ገለል አድርጋ ያለ ዱቄቱ እንደገና ጀመረች። ውሃ እንደመሰለ ቀረ። ጠበቅን፤ ያው ነው። ሃይድሮጂን ባለበት ስትጨምረው ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። ማቅለሚያውን ቀየረች፣ ኢንዛይሙን ራሷ ደግማ አጣራችው፣ ብልቃጥ ለወጠች። አንዲት ስህተት እንድታገኝ እየለመነች ምሳ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ እጇን ከጓንቱ አወጣች፣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። የደስታ እንዳይመስላችሁ።

ሰኞ የሆነውን የነገረችኝ ሚጢጢ ናት። ውጤቷን ስታቀርብ ፕሮፌሰሩ ስለ ዱቄቱ ጠየቋት። አውጥቼዋለሁ ብትልም ሃይድሮጂን የሌለበትን ሙከራ ረስታዋለች። «በሌላ ሰው እጅስ ተሞክሯል?» ሲሏት «አልተሞከረም» አለች። እሳቸውም ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ፣ እንግዲያው ሹመቱ ለጊዜው ይቆይ አሉ። ሚስቴ አፏን ብትይዝ ኖሮ በሩ ለሷ እንደተከፈተ ይቀር ነበር።

«ተሞክሯል» ብላ ተነሳች። «ያለ ሃይድሮጂንም፣ በሃይድሮጂንም። የሞከርኩት እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። ውሸት እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ እንደኔ ውሸት እንዲሆን የተመኘ የለም። እውነት ነው።»

ሹመቱ ለሚጢጢ ሆነ። የዚያን ዕለት ማታ መጥታ በራችን ላይ ቆመች፣ መግባት ፈርታ።

«እትዬ፣ ያን ያህል ቀንተሽብኝ ነበር?»

«አሁንም» አለቻት ሚስቴ፣ ሦስተኛ ሳህን እያወረደች። «ግቢና ብዪ።»