ባንድ እግር ጫማ ተራ አይያዝም

የልጅ ልጄ ሥራዋ ፈረንጅ ማዞር ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ቀጥሯት በጠዋት ይዛቸው ትወጣና ለማታ ትመልሳቸዋለች። ቢሾፍቱ ወርደው ሐይቅ ያያሉ፣ ዝዋይ ሄደው ወፍ ያያሉ፣ ዓሣ በልተው ይመለሳሉ። ድርጅቱ በሚያድለው ወረቀት ላይ «ቀላል የአንድ ቀን ጉዞ» ተብሎ እንደተጻፈ ነገረችኝ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር ቀላል ጉዞ አላጋጠመኝም። ከአዳማ ሞጆ እንኳን የሄድኩት የሰው ዶሮ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ይዤው የወጣሁት ትልቁ ነገር ሰልፍ ነው። ጠዋት ጠዋት በቁመታችን ተሰልፈን ስንገባ፣ ማንም ማንንም ሳይቀድም፣ የሀብታሙም የድሃውም ልጅ በቁመቱ ልክ ሲቆም ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬም ዳቦ ቤት፣ የዘይት ሰልፍ፣ ሚኒባስ ተራ፣ እኔ ባለሁበት ጣልቃ የሚገባ የለም። አንዳንዴ የማልገዛው ነገር ሰልፍ ላይ ሁሉ ቆሜ አውቃለሁ፤ ሥርዓት ሲፈርስ እያየሁ ማለፍ አልሆነልኝም።

ባለፈው በጋ ጉልበቴ ደረጃ አላስወጣ ሲለኝ ፍልውሃ መግባት ጀመርኩ። ትልቁን የሶደሬን መዝናኛ ማለቴ አይደለም። የእኛው ከእሱ ራቅ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወደ አዋሽ ወረድ ሲሉ ያለ፣ የአካባቢው ሰው በድንጋይና በቆርቆሮ የከለለው ነው። በአንዱ በኩል ወንድ፣ በሌላው በኩል ሴት ይገባል። የሴቶቹ ገንዳ የሚይዘው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ሦስቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ተዘፍዝፈው ሲወጡ ሌሎች ሦስት ይገባሉ።

እዚያ የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ጫማ ነው። ሕመምተኛ እንዴት ቆሞ ይጠብቃል? ስለዚህ ጫማሽን አውልቀሽ ከመጨረሻው ጫማ ኋላ ታስቀምጫለሽ፣ ሄደሽ ግራሩ ጥላ ሥር ትቀመጫለሽ። ሦስት ሰው በገባ ቁጥር ጫማዎቹን ወደፊት እናስጠጋለን።

የውሃው ደንብ ሰባት ቀን ነው፤ ሳያቋርጡ ሰባት ቀን። አንዷ ቀን ከጎደለች ስድስቱ ባዶ ይሆኑና እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ማን እንደነገረኝ አላስታውስም፤ ለሌላ ሰው ስነግር ግን ደንቡን ያወጣሁት እኔ እመስላለሁ።

የጫማውን ደንብ ግን እውነትም ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ቀኔ እናትና ልጅ አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ለሁለት ተካፍለው ሁለት ተራ ሲይዙ ያዝኳቸው። ቀኙ አምስተኛ፣ ግራው ስድስተኛ፤ የልጅቷ ጫማ እግሯ ላይ። ግራውን ከሰልፉ አነሳሁና ጥንድ ያልሆነ ጫማ ተራ አይይዝም አልኩ። ደግሞም ጫማውን ይዞ የሄደ ተራውን ይዞ ሄደ ማለት ነው አልኩ። ማንም አልሾመኝም፤ ማንም ደግሞ አልከለከለኝም።

ስድስቱን ቀን እንዲህ ጨረስኩ። በየቀኑ ከአዳማ በሚኒባስ፣ ከአስፋልቱ በባጃጅ። ለሰባተኛው ዋዜማ የልጅ ልጄ ደወለች። ሁለት ሴቶች አሉኝ፣ ሐይቅ በቃን ብለዋል፣ የአገሩ ሰው የሚታጠብበትን ማየት ይፈልጋሉ፣ እግረ መንገዴን አንቺንም በመኪና ላድርስሽ አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ፣ ተራቸውን ከያዙ ነው ብዬ።

ሴቶቹ ጡረታ የወጡ ጓደኛሞች ናቸው፤ አንዷ ረጅም፣ አንዷ አጭር። የዚያኑ ዕለት ማታ ወደ አገራቸው ይበራሉ። የልጅ ልጄ ገና መኪና ውስጥ ሳለን፣ ከስምንት ሰዓት አንዲት ደቂቃ እንዳናልፍ እያለች ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀችን። ረጅሟ ደብተር አላት፤ ያየችውን ሁሉ ትጽፋለች። አንድ ባጃጅ ሲያልፈን ውስጡ ያሉትን ሰዎች ቆጥራ ጻፈች፤ ከዚያ መልሳ ቆጥራ አረመችው።

ስንደርስ ሰልፉ ረጅም ነበር። ፈረንጆቹን ሲያዩ ፊት ያሉት ሴቶች ወዲያው ተነሱ። አንዲት የዴራ ሴትዮ «ኬሱማ ናቸው፣ እንግዳ ናቸው፣ ይለፉ» አለች። ሌሎቹም ይለፉ ይለፉ አሉ። የልጅ ልጄ አየሽ እንደማለት ክርኔን ነካ አደረገችኝ።

«እንግዳ ከሆኑ ምሳ እናብላቸው» አልኩ። «ተራ ግን ምሳ አይደለም። እናንተ ከፊት ያላችሁት ይለፉ ስትሉ የራሳችሁን አይደለም የምትሰጡት። እናንተማ ትንሽ ቆይታችሁ ትገባላችሁ። የምትሰጡት እዚያ ጥግ ያለችውን፣ ከንጋት ጀምራ የተቀመጠችውን ሴትዮ ጊዜ ነው። እሷን ጠይቃችኋታል?»

ጥግ ያለችው ሴትዮ እኔ ምን አገባኝ አለች። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው።

የልጅ ልጄ አንገቷን ደፍታ አስተረጎመች። ፈረንጆቹ ይቆጣሉ ስል ጭራሽ ደስ አላቸው። ጫማቸውን አውልቀው ከእኔ ኮንጎ ጫማ ኋላ ደረደሩ። የረጅሟ ጫማ ጀልባ ያህላል፤ የእኔ ኮንጎ አጠገቡ የልጅ ይመስል ነበር። እኔና ሁለቱ ባንድ ዙር እንድንገባ ሆነ። ረጅሟ ደንቡን አንድ በአንድ አስነግራ ጻፈች። ጥንድ መሆን አለበት የሚለውን ከሥሩ አሰመረችበት።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ጠና ያለች የጨርቅ ነጋዴ ሙዝ ይዛ መጣች። ወሎ ተወልዳ አዳማ የከረመች፣ ወላሂ ከአፏ የማይጠፋ፣ ደንደን ያለች ሴት ናት። ከእኛ ፊት ተራ ነበራት፤ ግን መሬቱ አቃጠለኝ ብላ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ሙዝ ልትገዛ ሄዳ ነበር። አሁን ተመልሳ ጫማዋን የነበረበት ቦታ ልታስገባ ጎንበስ አለች። ከኋላ ነው አልኳት።

«አሁን እኮ እዚህ ነበርኩ፤ አንቺም አይተሽኛል» አለች።

«አይቼሻለሁ። ጫማሽንም ስትወስጂው አይቻለሁ።»

ሙዙን እያየች፣ ጫማዬን እያየች፣ እኔን እያየች ቆየች። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደችና «ይሁን፤ ለአንቺም ይደርስሻል» ብላኝ ተቀመጠች። ሁለት ሌሎች ሴቶች መጥተው ከእሷ ኋላ ጫማቸውን አኖሩ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ተራችን ደረሰ። ውስጥ ያሉት ሦስቱ ሊወጡ፣ እኔና ፈረንጆቹ ልንገባ ነው። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ስነሳ ከግራሩ ላይ አንዲት ጦጣ ወረደች። ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ተቆጣጣሪ እያየች መጣች። የጀልባውን ጫማ ገልበጥ አድርጋ አሸተተችና ተወችው። ከዚያ የእኔን ቀኝ ኮንጎ ብድግ አድርጋ ዛፉ ላይ ወጣች። አንዷን ብቻ።

ሰው ሁሉ ጮኸባት፣ ድንጋይ ወረወረባት፤ እሷ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ማሰሪያውን ታኝካለች። ጩኸቱ ሲበርድ ነጋዴዋ ከኋላ ሙዟን እየላጠች ጠየቀችኝ።

«እመቤቴ፣ ባንድ እግር ጫማ ተራ ይያዛል እንዴ?»

የዴራዋ ሴትዮ ጦጣ ስትወስድና ሰው ሲወስድ አንድ አይደለም፣ እማማ ይግቡ አለች። አንዷ ደግሞ በግማሽ ጫማ ግማሽ ሰዓቱን ከፍለው ይግቡ አለች። የልጅ ልጄ ልብሴን ይዛ ግቢ ግቢ ትለኛለች። ረጅሟ ፈረንጅ ደብተሯን ገልጣ ያሰመረችበትን ቦታ እያየች ነበር፤ ክፋት የለባትም፣ ማወቅ ፈልጋ ነው።

ሰባተኛው ቀኔ ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ በሚኒባስና በባጃጅ ተንገላትቻለሁ። ጉልበቴም እውነቱን ለመናገር በስድስተኛው ቀን ትንሽ ለቆኝ ነበር። ግን ያቺ ልጅና እናቷ ትዝ አሉኝ፤ የእነሱን ግራ ጫማ ሳነሳ ምክንያታችሁ ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኳቸውም። የቀረችኝን ግራ ኮንጎ አነሳሁና ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄጄ አስቀመጥኳት። ጥንድ እንድትሆን ደግሞ ፎጣዬን ጠቅልዬ አጠገቧ ላኖር ስል ነጋዴዋ አየችኝ። ሰረቅ አድርጌ መለስኩት። በመጨረሻ እኔው ራሴ በእግሬ ቆምኩ፤ ጫማ የሌለው ሰው ይቆማል ማለት ነው ብዬ አዲስ ደንብ ጨመርኩ።

በእኔ ቦታ ቀጣይዋ ገባች። ፈረንጆቹ ገብተው እንደ ቲማቲም ቀልተው ወጡ። ሰዓቱ ሮጠ። የልጅ ልጄ ስልኳን እያየች ትንቆራጠጣለች። ቀጥሎ ሁለት ሴቶችና ነጋዴዋ ይገባሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ከነጋዴዋ ኋላ የመጡት ሁለቱና እኔ። የእኔ ዙር እስኪደርስ ስምንት ሰዓት ያልፋል። ከመኪናው ጋር ሂጂ፣ ነገ እንደገና ከአንድ ጀምሪ ስትለኝ እንባዬ መጣ። ስድስት ቀን ሙሉ!

ነጋዴዋ ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ አንድ ሙዝ ዘረጋችልኝ። ተቀበልኩ። በልቼ ስጨርስ ተነሳች፣ ነጠላ ጫማዋን አነሳችና እኔ የቆምኩበት ቦታ አምጥታ አስቀመጠች።

«በእኔ ቦታ አንቺ ግቢ። በአንቺ ቦታ እኔ እሆናለሁ» አለች።

«አይሆንም። ሌላው ሰው...»

«ሌላው ሰው ምን ሆነ? አንድ ሰው ወጣ፣ አንድ ሰው ገባ። የሰጠሁሽ የራሴን ነው። ፈልጊበት እስቲ ስህተት።»

ፈለግኩ። ወላሂ እንደሷ ማለት ቢፈቀድልኝ፣ ወላሂ ፈልጌ አጣሁ። ከእሷ ኋላ ያሉት ሁለቱ አልተገፉም፣ ከፊቷ ያሉትም አልተነኩም። የጎደለባት እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ወዳ ነው። ስህተት ሳጣ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ሙዟን እየላጠች ስትጠይቀኝ እንኳን አላየሁባትም።

ገባሁ። ሰባተኛዬን ገባሁ። ግን ውሃው ውስጥ ሆኜ የሚታየኝ የነጋዴዋ ነጠላ ጫማ ነበር። በእኔ ምክንያት መጨረሻ ላይ ሆኗል፤ ጦጣዋ ውጭ ናት፤ እኔ ከሌለሁ ማን ይጠብቀዋል? ጫማዋን ብትወስድባትስ ማን ይፈርድላታል? አብረውኝ ከገቡት ሁለቱ ሴቶች ቀድሜ ወጣሁ።

የልጅ ልጄ የመኪናውን በር ከፍታ ቆማለች፤ ለስምንት አምስት ደቂቃ ይጎድላል። ነይ እንጂ ስትለኝ ሂዱ አልኳት። ነጋዴዋ እስክትገባ ጫማዋን እጠብቃለሁ፣ ስትወጣ አብረን በሚኒባስ እንመጣለን።

የልጅ ልጄ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ የምትቀሪ ከሆነ ታዲያ ለምን ተቀያየራችሁ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ነጋዴዋ ግን አስባበት ኖሮ እየሳቀች ጉልበቷን መታች። ፈረንጆቹም ሲተረጎምላቸው ሳቁ፤ ረጅሟ ግን አልጻፈችውም፣ እንዴት እንደሚጻፍ የገባት አይመስለኝም። ከዚያ ሻንጣዋን ከፍታ ሌላ ጫማ አወጣችና አደረገች፣ ጀልባዎቹን ጫማዎች እግሬ ሥር አኖረችልኝ። በነፃ አልቀበልም ብዬ የቀረችኝን ግራ ኮንጎ ሰጠኋት። ልውውጡ እኩል አልነበረም፤ እሷ ግን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ይዛት መኪና ውስጥ ገባች። አውሮፕላኑም አላመለጣቸውም።

እኔ ዱላ ይዤ ከዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። ጦጣዋ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ እየተያየን ቆየን። ነጋዴዋ ገብታ ታጥባ ስትወጣ ጫማዋ ጥንድ ነበር።

አስፋልቱ ዳር ስንደርስ አምስት ሰዎች ሚኒባስ ይጠብቃሉ። አንድ መጥቶ ቆመና ረዳቱ የእኔን አረማመድ አይቶ «ማዘር፣ ጋቢና ይግቡ» ብሎ ጠራኝ። በጀልባ ጫማ የምትራመድ አሮጊት አሳዝናው ነው። እኔ ዞር ብዬ አምስቱን አየሁ።

«ሰባት ቀን ሙሉ ተዘፍዝፈሽ ይሄ አልለቀቀሽም?» አለች ነጋዴዋ።

አምስቱ ቀድመውን ገቡ። ለእኛ የደረሰን የመጨረሻው ወንበር ነው። አጠገባችን የተቀመጠው ሰውዬ እቃው ስለበዛበት ይቅርታ ጠይቆ ዶሮውን ጭኔ ላይ አኖረልኝ። ዶሮዋን እስከ መንገዱ አጋማሽ ያዝኩ። ከዚያ ተራው የአንቺ ነው ብዬ ለነጋዴዋ አቀበልኳት።