ሮቢት ላይ ያልወረደው

የጎረቤቴ ልጅ፣ ትናንት ለለቅሶ መጥተሽ አጠገቤ ስትቀመጪ ገና ከመንገድ መግባትሽ ያስታውቅ ነበር። የእጅ ቦርሳሽ ላይ የኤርፖርቱ ወረቀት እንደተጣበቀ ነው። ማልቀሴን አይተሽ ከቦርሳሽ አንዲት ትንሽ እሽግ አወጣሽ፤ በጥርስሽ ቀደድሻትና እርጥቡን ሶፍት ፊቴ ላይ አደረግሽልኝ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ክው ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። አንቺም አፍረሽ፣ "አውፍ ይበሉኝ እትዬ፣ ዒዳ ላይ መሆንዎን ረስቼ ነው፤ ሽታ ያለው ነገር አይነካዎትም" አልሽ።

ያስደነገጠኝ እሱ አልነበረም። ግን ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ድምፄም አልታዘዘልኝም። ስለዚህ ቀስ እያልኩ እጽፍልሻለሁ። ባለቤቴ ከተቀበረ ወዲህ፣ የባሌ ሐዘን ዒዳው አራት ወር ከአሥር ቀን እስኪሞላ ከቤት አልወጣም፤ ጊዜ አለኝ።

ያ የሎሚ ሽታ የርካሽ አውሮፕላን ሽታ ነው። ምግብ አይሰጡም፣ ውሃ ይሸጣሉ፣ ያችን ሶፍት ግን ይሰጣሉ። እኔም በዕድሜዬ የተሳፈርኩት ሁሉ በርካሽ ቲኬት ነው፤ አገር ለአገር እየዞረ፣ ሰው የማያውቀው ኤርፖርት ላይ አውርዶ ቀኑን ሙሉ በሚያስጠብቀው።

መጀመሪያ የሄድኩት ቤይሩት ነበር፣ ለቤት ሠራተኝነት። አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። ከቆቦም ከጎብዬም የተውጣጣን ልጃገረዶች ኤጀንሲው የሰጠንን አንድ ዓይነት ቢጫ ቲሸርት በረጅም ቀሚሳችን ላይ ደርበን ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ ቀበቶውን ማሰር አሳዩን፤ መፍታቱን ግን አላየሁም። ሽንቴን ይዤ፣ ሆስተሷን መጠየቅ አፍሬ፣ እስኪያርፍ ድረስ ታስሬ ተቀመጥኩ። ትራንዚት ስናደርግ አንዷ የጎብዬ ልጅ በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ፊት ስትደርስ መስጊድ የገባች ይመስል ጫማዋን አወለቀች። ሳቅንባት፤ ከዚያ እኛም ፈርተን አወለቅን። ከሁሉ የማልረሳው ብርዱን ነው። ከቆቦ ሙቀት ለወጣ ሰው ያ አዳራሽ ውርጭ ነበር። ሻንጣችን ውስጥ አንዲት ሹራብ እንኳ አልነበረችም፤ መሬት ላይ ተጠጋግተን፣ አንዳችን የሌላችንን እግር በቀሚሳችን ሸፍነን ዋልን።

የምነግርሽ ግን ስመለስ የሆነውን ነው።

ወንድሜ ደውሎ እማ አሟታል አለኝ። እኛ አገር ለራቀ ሰው አሟታል ሲባል ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል አንቺም ታውቂያለሽ። ካላናገረችኝ አላምንህም አልኩት። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋላት። ትንፋሿ አጭር ነበር። "ነይልኝ" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ድምጿን በጆሮዬ ሰምቻለሁና በሕይወት አለች፤ ከቸኮልኩ እደርስባታለሁ ብዬ ማዳሟን እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኩ። ማዳሟ ክፉ ሴት አልነበረችም። ግን የቆረጠችልኝ ቲኬት ከሁሉ የረከሰው ነበር፤ በኩዌት የሚዞር።

ጠዋት ኩዌት ደረስኩ። የአዲስ አበባው አውሮፕላን ዘግይቷል፣ ወደ ማታ ይሆናል ተባለ። በመስታወቱ በኩል ፀሐይዋ ነጭ ሆና መሬቱን ስታቃጥል ይታየኛል፤ እኔ በውስጥ እየተንቀጠቀጥኩ ነው። የቤይሩቱ ስልኬ እዚያ አይሠራም። ያኔ ከኋላዬ አንድ ወንድ በስልክ ሲከራከር ሰማሁ። በሬውን እኔ እስክመጣ እንዳትሸጡት ይላል፣ በራሳችን በራያ አነጋገር። ዘወር ብዬ ካየሁት በኋላ አላፈርኩም፤ የየት አገር ልጅ ነህ አልኩት።

"ሮቢት። አንቺስ?"

"ቆቦ።"

"እንግዲያማ ጎረቤት ነን። ዶሮዎቻችሁ የእኛ ማሽላ ውስጥ ገብተው ነው ያደጉት።"

ኩዌት ውስጥ ሾፌር ነበር። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሩ ሊገባ ነው፤ ጫማው ሁሉ አዲስ ነበር። ስለ እናቴ ስነግረው ሳልጠይቀው ስልኩን ሰጠኝ። ለወንድሜ ደወልኩ። በሮቢት ልጅ ስልክ ነው የምደውለው፣ አብረን ነን አልኩት። ወንድሜም፣ ተኝታለች፣ አሁን እንቅልፍ ወስዷት ነው አለኝ። አልሃምዱሊላህ ብዬ ለሶላት ውዱእ ላደርግ ሄድኩ።

ያኔ ያላወቅሁትን አሁኑኑ ልንገርሽ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ እንደማየው እንድታይው ነው። ውዱእ ላደርግ በሄድኩበት ወንድሜ ለሮቢቱ ልጅ መልሶ ደወለለት። እማ ንጋት ላይ አርፋለች፣ ለቀብር እየተዘጋጀን ነው አለው። መንገድ ላይ እንዳትሰማ፣ ደግፎ የሚይዛት ዘመድ በሌለበት እንዳትወድቅብን፣ አደራህን እስከ ቤት አድርስልን ብሎ ለመነው። አይቶት ለማያውቀው ሰው። እሱም እሺ አለ።

ስመለስ ተምር ገዝቶ ጠበቀኝ። "ብዪ፣ አገር ስትገቢ ከስታለች እንዳይሉሽ" አለኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ያ ሰው አፉ አልተዘጋም። አውሮፕላኑ ለምን እንደዘገየ ስጠይቀው፣ እንደ ቆቦ ሚኒባስ ነው፣ ሰው ካልሞላ አይነሳም አለ። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ሲል አይታይሽም ወይ እያለ አፉን በእጁ ጋርዶ እንደ ረዳት ጮኸ። የፊሊፒን ሴቶች ዞረው አዩን። ሳቅኩ። ተምሩንም አንስቼ በላሁ። እናቴ ተኝታለች፤ እኔም ነገ እደርሳለሁ።

ከሰዓት በኋላ ለእማ ሻርፕ ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። ያኔ ብቻ ፊቱ ተለወጠ። ቆቦ ገበያ ሞልቶ የለም፣ ይቅርብሽ አለኝ። አይሆንም፣ ልጄ ከአረብ አገር ያመጣችልኝ ነው ብላ ለጎረቤት እንድታሳይ ነው አልኩት። ተከተለኝ። ቡናማና አረንጓዴ በሁለት እጄ ይዤ፣ የቱ ይሻላታል አልኩት። መልኳን ነገርኩት፣ ጠይም ናት፣ ቀጭን ናት እያልኩ። ሁለቱንም ለረጅም ጊዜ አያቸው። "አረንጓዴው" አለ። ይዞልኝም እሱ ነበር የሄደው።

አዲስ አበባ ደርሰን በንጋታው አውቶቡስ ተሳፈርን። እስከ ወልዲያ እየቀለደ መጣ። ከወልዲያ ሚኒባስ ይዘን ወደ ራያ ሜዳ ስንወርድ የአገሬ ሙቀት በመስኮት ገብቶ ፊቴን መታኝ፤ የማሽላው ሽታ፣ አቧራው፣ ከመንገድ ዳር የሚሄዱት ግመሎች ሽታ። ከደስታ ብዛት እግሬ አላርፍ አለ። እሱ ግን ጎብዬን ስናልፍ ዝም አለ። ደክሞት መሰለኝ።

ሮቢት ስንደርስ ሚኒባሱ ቆመ። መንገድ ዳር ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ አባቱ በትራቸውን ተደግፈው፣ እህቶቹ ጃንጥላ ይዘው። ረዳቱ በሩን ከፍቶ "ሮቢት ወራጅ!" አለ። እሱ አልተንቀሳቀሰም።

"አንተ፣ ሮቢት አላልክም?" አለው ረዳቱ።

"ቆቦ ነኝ። ዝጋው።"

አባቱ ወደ መስኮቱ ቀረቡ። እጁን አውጥቶ እጃቸውን ሳመ፤ ቆቦ ደርሼ እመለሳለሁ አላቸው። ልጃቸውን ለዓመታት ያላዩት ሰውዬ አልተቆጡም፣ ለምን አላሉም። እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። "አድርሳት ልጄ" አሉ። ከእህቶቹ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ስትይዝ አየሁ። ነገሩ ሮቢት ድረስ ተሰምቷል።

በሩ ተዘጋ። መኪናው ተነሳ።

"ለምን አልወረድክም?"

መስኮቱን ዘጋ።

"ሞታለች?"

"ትንሽ ታገሺኝ። ቤትሽ ድረስ ታገሺኝ።"

"ሻርፑን ስንገዛ ታውቅ ነበር?"

ፊት ለፊት ያለውን መንገድ እያየ፣ "አውቅ ነበር" አለ።

አልጮኽኩም። የመኪናው ሰው ሁሉ እንደጮኽኩ አድርጎ ያወራል፤ እኔ ግን አልጮኽኩም። ደርቄ ቀረሁ። እናቴ መሞቷ ገና አልገባኝም። የገባኝ ያ ሳቅ ብቻ ነበር። የተምሩ ፍሬ፣ የሚኒባሱ ቀልድ፣ ሁለቱ ሻርፖች ፊቴ ላይ ይሽከረከራሉ። እናቴ ከአፈር በታች ሳለች እኔ ኩዌት ላይ እስክታጠፍ ስቄያለሁ፤ ያሳቀኝም እያወቀ ነው። ቆቦ ቤታችን ደጃፍ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ሲመጣ፣ ወደ ወንድሜ ከመሄዴ በፊት ዞሬ ያን ሰው አየሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ለቅሶው እስኪያልቅ በየቀኑ ከሮቢት ይመጣ ነበር። ከወንዶቹ ጋር ይቀመጣል፣ ውሃ ያቀርባል፣ ቀና ብሎ አያየኝም። ሻርፑን ለማን እንደሰጠሁት እንኳ አላስታውስም።

በኋላ ሽማግሌ ላከ። ወንድሜ ደስ አለው፤ እንዲህ ያለ አደራ የሚጠብቅ ሰው ከየት ይገኛል ይል ነበር። እኔ ይህ ሰው ሬሳ ላይ ይስቃል ብዬ እምቢ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተመላለሱ። አንድ ቀን ጓሮ ልብስ ሳጥብ ያ የኩዌት አዳራሽ መጣብኝ፤ እዚያ ውስጥ እኔ ገና እናት ያለኝ ልጅ ነበርኩ። ያን ቀን የሚያውቅልኝ ከሱ በቀር ማንም የለም። እሺ አልኩ።

አብረን ስንኖር ደግ ነበር፤ ደግሞም ዝምተኛ። ያ የኩዌቱ ቀልደኛ ቤታችን አልገባም። ኒካህ ካሰርንም በኋላ፣ ልጆች ከወለድንም በኋላ፣ ደህና ቀን እየመረጥኩ እጠይቀው ነበር። ያኔ እንዴት መሳቅ ቻልክ? "ተይ እስቲ" ይልና በሬዎቹን ሊያይ ይወጣል። እሱ ለሥራ ሲመላለስ፣ እኔም አንዴ አብሬው ሄጄ ነበር፤ ስንሄድም ስንመለስም በየትራንዚቱ አዳራሽ ቁጭ ባልን ቁጥር ጥያቄው ምላሴ ላይ ይመጣ ነበር። እየቆየ ተውኩት። አልረሳሁትም ግን።

አምና ጉበቱን ታመመ። ልጆቹም ዘመዱም አዋጥተውልኝ ህንድ ወሰድኩት፤ ቲኬቱ እንደ ልማዳችን ርካሹ ነበር። ሐኪሙ ምርመራውን ሲጨርስ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ፤ አንድ የኛው አገር ልጅ አስተረጎመልኝ። ከዚህ በኋላ የምንሠራለት የለም፣ አገሩ ይግባ አለ። ለትልቁ ልጄ ደወልኩ። እሱም እያለቀሰ፣ ለአባቴ እንዳትነግሪው አለኝ። አልነገርኩትም። መድኃኒትና ዕረፍት ነው ያሉህ፣ ታግሰህ ከበላህ ትድናለህ አልኩት።

ስንመለስ አንድ የአረብ ኤርፖርት ላይ አረፍን። አውሮፕላኑ ቀኑን ሙሉ ያስጠብቃል። ብርዱ ያው ብርድ ነው። ሹራብ አልብሼው፣ ጋቢውን ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጌለት ጎን ለጎን ተቀመጥን። በዚያች ሎሚ በምትሸት እርጥብ ሶፍት ፊቱን ስጠርግለት ቆዳው ቢጫ ሆኖ አየሁት። እሱም ሽንኩርት መትከል ሰለቸኝ፣ ከርሞ ማሳው ላይ ማንጎ ብተክልስ አለ። ስንት ዓመት ይፈጅ ይሆን አለኝ።

አፌ ራሱን ችሎ ተናገረ። ሦስት አራት ዓመት ምን አላት፣ ቁጭ ብለን እንበላዋለን አልኩት። ደግሞ ጨመርኩ፤ ፍሬው ሳይበስል የሮቢት ዘመዶችህ ናቸው በድንጋይ እያወረዱ የሚጨርሱት አልኩ። ሳቅኩ። ውኃ ላምጣ ብዬ ስነሳ እየሳቅኩ፣ ስመለስም እየሳቅኩ። ስለ ማንጎ ችግኝ፣ ስለ ውሃ ሞተሩ፣ ስለ አጥሩ ለፈለፍኩ። የራሴን ድምፅ ስሰማ ፈራሁ። ይህን የምትናገር ሴት ማን ናት እያልኩ በውስጤ እደነግጣለሁ፣ አፌ ግን አያቆምም።

እሱ ሲያየኝ ቆየ።

"ደከመሽ?" አለኝ።

ኧረ ደርሰን የለም ወይ፣ መንገዱ አለቀ እኮ አልኩት።

"መንገዱን አላልኩም። ሳቁን ነው።"

የያዝኩት ውሃ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። አልጠረግሁትም።

"እኔም ያን ቀን አንቺን አስቄሽ እየሄድኩ፣ ሽንት ቤት ገብቼ ግድግዳውን ይዤ ነበር የምቆመው" አለ። "ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ሌላ ቀልድ አስቤ እመጣለሁ። ወላሂ፣ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም።" ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅሁት። "አብሽሪ። ሐኪሙ ያለሽን አውቄዋለሁ። አሁን ተይው፣ ማንም አይሳቅ። ዝም ብለን እንቀመጥ።"

ተቀመጥን። እጁን ያዝኩት። እኔ ሰው ፊት እጁን ይዤው አላውቅም፤ እሱም ቢሆን በደህናው ቀን ያስለቅቀኝ ነበር። አላስለቀቀኝም። የኛ በረራ ተጠራ፤ ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ተነስቶ ተሰለፈ፤ እኛ ግን ለመነሳት አልቸኮልንም።