ሰው ያለበት ፎቶ

ጋሽ ጥሩነህን ከሥራ ያስባረርኳቸው እኔ ነኝ። ድርጅቱ ነው የሚል ካለ ይበል፤ እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።

ሰውየው በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲነዱ አንድ ጭረት ያላስመዘገቡ ሾፌር ናቸው። ይህን ሳይጠየቁም ይናገራሉ። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከመጡ በኋላም ከወደቡ ኮንቴነር እየጫኑ ወደ ሚልፒታስና ሳን ሆዜ ያመላልሱ ነበር። እኔ ሮማነወርቅ ደግሞ ከሳቸው በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምኖር ጎረቤታቸው ነኝ፤ አፕታውን የሚባለው ሰፈር ውስጥ ፎቶ ማጠቢያ ቤት እሠራለሁ። አዲስ አበባም የሠራሁት ፎቶ ቤት ስለነበር፣ የፎቶ ነገር ሲነሳ አዋቂ ነኝ ባይ ነኝ። ጉዱ የመጣውም ከዚሁ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 1987 ኖቬምበር፣ ዝናቡ የሚጀምርበት ነው። ወደቡ በር ላይ ቼከር የሚባል ሰው አለ። ሥራው ኮንቴነሩን ዞሮ አይቶ፣ ጉዳት ካለ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ዝናብ ሲሆን ግን ማን ይወጣል? ከሞቀ ክፍሉ ሳይነቃነቅ «ደህና ነው» ብሎ ይፈርማል። ኮንቴነሩ በኋላ ተጨፍልቆ ከተገኘ ጥፋቱ የሾፌሩ ይሆናል። ጋሽ ጥሩነህ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቴ ባልሠሩት ጥፋት ተጻፈባቸው። ሦስተኛ ከተደገመ እንደሚያባርሯቸው ቁርጡን ነገሯቸው።

በማግስቱ በሬን አንኳኩ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉኝ። «ሮማን፣ ዝናብ የማይፈራ ካሜራ ምረጪልኝ።»

ቅዳሜ ድንኳንና የጀልባ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ሻጩ ፀሐይ ፊቱን የላጠው፣ ሲያዩት ባሕር ዳር የሚውል ሰው ነው። ካሜራው ለምን እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ለዋና ነው፣ ለቀዘፋ ነው፣ ወይስ በረዶ ላይ ለመንሸራተት?

«ፖርት ኦፍ ኦክላንድ» አሉት።

ሻጩ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ሦስት ካሜራ ደረደረልን። አንደኛው ባሕር ጠላቂዎች የሚይዙት ነው፤ ይከብዳል፣ ርቀቱንም ብርሃኑንም በእጅ ማስተካከል ይጠይቃል። «ይሄን እስካስተካክል ቼከሩ ጡረታ ይወጣል» ብለው መለሱት። ሁለተኛው ትንሽና ቆንጆ ነበር፤ ሻጩ ራሱ ካፊያ ይችላል እንጂ ዶፍ አይችልም አለ። ጋሽ ጥሩነህ የሥራ ጓንታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አጠለቁና ሞከሩት። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነ። ሦስተኛው ቢጫ ነው። ዙሪያውን በጎማ የታሸገ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ቁልፉ አውራ ጣት የሚያክል። በጓንትም ሠራ። ከዚያ ሻጩ «ኖ፣ ኖ» እያለ ከደረታቸው ከፍታ ወለሉ ላይ ለቀቁት። አነሱትና ጆሯቸው ላይ አድርገው ነቀነቁት። ምንም የሚንኳኳ ነገር የለም።

«ይሄ አሰብ ይደርሳል» አሉ። ያን ቀን ኮራሁባቸው።

የመጀመሪያውን ፊልም ለመለማመጃ አነሱና አመጡልኝ። ሳጥበው ሃያ አራቱም ጎማ፣ ብሎንና የኮንቴነር ጎን ነው። ተናደድኩ። አዲስ አበባ ያሠራኝ ሰውዬ ሰው የሌለበት ፎቶ ባዶ ቤት ነው ይል ነበር፤ እኔም እሱን ሆንኩ።

«ጋሼ፣ ይሄማ ፊልም ማቃጠል ነው! ሰው ያስገቡበት እንጂ። ሰውየውን መሃል ያቁሙት፣ ቀና ይበል፣ ከዚያ ያንሱ።»

«እውነትሽን ነው» አሉኝ አሰብ አድርገው። «ደግሞም ሰው ካለበት ምስክር አለው።»

ጃንዋሪ ላይ፣ ዶፍ በሚጥልበት ጠዋት፣ የኋላ በሩ ላይ ትሪ የሚያክል ጉድጓድ ያለበት ኮንቴነር ደረሳቸው። ዋልተር የሚባለውን ቼከር ለምነው ከክፍሉ አወጡት። ዋልተር ቁምሳጥን የሚያክል፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው። ጉዳቱን አይቶ «እሺ፣ እጽፈዋለሁ» አላቸው። ጋሽ ጥሩነህ አመሰገኑት። ኮፍያውን አስወልቀው፣ ቀና አድርገው፣ ጉዳቱ ፊት መሃል ላይ አቆሙት። ሦስት ጊዜ አነሱት። ሙሉ ቁመቱን፣ ግማሽ አካሉን፣ ፊቱን።

ያጠብኩት እኔ ነኝ። ምን ልበላችሁ፣ ያምር ነበር። በዋልተር ግንባር ላይ የሚወርደው የዝናብ ጠብታ ይቆጠራል። አንዱን በትልቁ አሳተምኩላቸው፤ ለዋልተርም ስጦታ ብለው ወሰዱለት። ሁለታችንም ደጋግመን አየነው፤ ያየነው ግን ፊቱን ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለኛ ነው።

በሳምንቱ በዚያ ኮንቴነር ጉዳት ድርጅታቸው ጠራቸው። እንግሊዝኛ እንዳያጥራቸው አብሬያቸው ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አሳየን፤ ዋልተር «ደህና ነው» ብሎ ፈርሟል። ጋሽ ጥሩነህ አልደነገጡም። ሦስቱን ፎቶ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው፣ የደረሰለት ካርታ ተጫዋች እንደሚያደርገው ጠረጴዛው ላይ ዘረጓቸው።

ሥራ አስኪያጁ አንድ በአንድ አያቸው። «ቆንጆ ፎቶ ነው» አለ። «ጉዳቱስ የታል?»

«ከኋላው ነዋ!» አሉ ጋሽ ጥሩነህ በአማርኛ። ተረጎምኩለት።

«እንግዲያው ሰውየውን ገለል አድርጉልኝ» አለ።

ያኔ ነው የታየኝ። በሦስቱም ፎቶ ከዋልተር ግራና ቀኝ የሚታየው ቀጥ ያለ፣ ጤነኛ ብረት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዋልተርን አስጠሩት። ዓይናችንን አላየም። «ፎቶውንማ አውቀዋለሁ፣ ቤቴ ፍሪጅ ላይ ለጥፌዋለሁ» አለ። «ጉዳት ግን ትዝ አይለኝም።» እውነቱን ቢናገር የሚባረረው እሱ ነው። ይገባኛል፤ ይቅር ግን አላልኩትም።

ስንወጣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። እንባዬ መጣ።

«ያነሳሁት እኔ ነኝ» አሉ ብቻ። የመኪናውን ቁልፍ አስረከቡና ግቢው ውስጥ ቆመው ቢጫውን ካሜራ ሰጡኝ። «ፊልሙ አንድ ቀርቶታል። መኪናዋን አንሺልኝ።»

ልማድ ሆኖብኝ ከመኪናዋ ፊት እንዲቆሙ በእጄ አመለከትኳቸው።

«አይ» አሉ። «ሰው አታስገቢበት።» መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

አነሳሁት። ካሜራውም ፎቶውም ዛሬ እኔ ዘንድ ናቸው። በፎቶው ላይ የመኪናዋ ብሎን ሳይቀር ይታያል። ጋሽ ጥሩነህ የሉበትም።